ከጉድጓድ የሚወጣ ቁርስ

ሰኞ ጠዋት ሊጥ አቡክቶ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ አይቻልም። ከተሜው ለዚህ መላ አለው፤ እሑድ ፓንኬክ ጋግሮ ፍሪዘር ውስጥ ይደረድራል። በወላይታ፣ በዳሞት ወይዴ ወረዳ በበዴሳና በዙሪያዋ፣ የሳምንቱ ብቻ ሳይሆን የወራት ቁርስ፣ ከእንሰት ተፍቆ የሚሠራው ቆጮ፣ መሬት ውስጥ ይቀመጣል። መብራት ቢጠፋም አይበላሽም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ፍቂያው ነው። እንሰቱ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከ4 እስከ 7 ዓመት ተጠብቆ ተቆርጧል። ሴትየዋ ዘመም ብሎ ከቆመው ሳንቃ ፊት መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን ታነሳለች፤ ከግንዱ የተገነጠለውን ልጥ በተረከዟ ሳንቃው ላይ ትጫነዋለች፤ የቀርከሃ መፋቂያዋን በሁለት እጅ ይዛ ወደ ታች ትስባለች። እጇ ከከበደ ቃጫው እየተበጠሰ ከምግቡ ጋር ይወርዳል፤ ከላላ ደግሞ ምግቡ ቃጫው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የጎበዝ ፋቂ ቃጫ ንጹሕና ረጅም ነው፤ ገመድ ይገመድበታል። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል።

ፍቅፋቂው ከተፈቀፈቀ አሚቾ (የእንሰቱ ሥር) ጋር ተደባልቆ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይረገጣል፤ በቅጠል ይሸፈናል፤ ድንጋይ ይጫንበታል። ድንጋዩ አየር ለማስወጣት ነው። አየር የማይሹት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ቆጮውን ያኮመጥጡታል፤ ኮምጣጣነቱም ከብልሽት ይጠብቀዋል። ክዳኑ ከላላ ግን ሻጋታ ይቀድማል። ሽታውን የሚጠየፍ እንግዳ አለ፤ ለለመደው የመብሰሉ ምልክት ነው። በቆላ ቶሎ ይደርሳል፤ ደጋ ላይ ጊዜ ይወስዳል።

ጠዋት የሚቀረው ሥራ አጭር ነው። ከጉድጓዱ የሚበቃውን ያህል ታወጣለች፤ ውኃው እስኪያልቅ ትጨምቃለች፤ ከዚያ በቢላዋ ትከትፋለች። አዲስ አበባ ላይ ቆጮን ከክትፎ ጎን ብቻ የሚያውቀው ሰው ሥጋው መከተፉን እንጂ ቂጣውም መከተፉን ልብ አይልም። የተከተፈው ይነፋል፤ በኮባ መካከል በስሱ ተጠፍጥፎ ምጣድ ላይ ይወጣል፤ ቅጠሉ እንዳያር ጠብቃ ትገለብጠዋለች። በጎመን ወይም በዳጣ ይበላል።

የጋጋሪዋ ሙያ የሚታየው ሲቆረስ ነው። ከጠርዙ ክር ከተንጠለጠለ ክተፋው አልበቃም፤ መሃሉ ከተለነቀጠ ጭመቃው ጎድሏል። የጥሩው ቆጮ ቁራሽ ጥርት ብሎ ይለያል፤ ጥርስ ውስጥም ምንም አይተውም።