ሁለት መድን፣ አንዲት ሕመምተኛ

በአሜሪካ ሜዲኬርና ሜዲኬድ እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ ሕግ የተቋቋሙ ቢሆኑም አስተዳደራቸው ለየቅል ነው። ሜዲኬር በፌዴራል መንግሥት እየተመራ በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላቸውን ሲሸፍን፣ ሜዲኬድ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በየግዛቱ ይካሄዳል። ለሁለቱም ብቁ የሆኑት ከ12 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ በስደት መጥተው እዚያው ያረጁ ወገኖቻችንም ከእነርሱ መካከል ይገኛሉ።

ለእነዚህ ሰዎች ታስበው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሕግ የተፈቀዱት ልዩ ዕቅዶች በ2006 ሥራ ጀመሩ፤ በ2018ም ቋሚ ሆኑ። የሚያቀርቧቸው የመድን ኩባንያዎች ናቸው። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው «ቅንጅት» የሚለው ቃል ለሁሉም ዕቅዶች በእኩል መሰጠቱ ነው።

ሙሉ በሙሉ በተዋሐደው ዕቅድ አንድ ኩባንያ ለሁለቱም ፕሮግራሞች አገልግሎት ኃላፊ ይሆናል። በዝቅተኛው እርከን ያለው ዕቅድ ግን፣ የጤና ፍላጎት ዳሰሳ ማካሄድ ቢኖርበትም፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በውሕደት ረገድ የተጣለበት ዋና ግዴታ ለከፍተኛ አደጋ ከተጋለጡ አባላቱ ቢያንስ የአንድ ቡድን ሰዎች ሆስፒታል ሲተኙ ወይም ነርሲንግ ተቋም ሲገቡ ለግዛቱ ማስታወቅ ነው። ማስታወቅ ደግሞ ማስተባበር አይደለም።

ከሆስፒታል በወጡ በሳምንታቸው ወደ እኔ የመጡ አንዲት እናት ሁለት ካርድ ይዘው ነበር። የቤት ውስጥ ረዳት ለማግኘት ወደ አንደኛው ሲደውሉ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሁለተኛው ሲደውሉም ወደ አንደኛው መሯቸው። «ልጄ፣ እኔ የማንኛቸው ነኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ወዲያው የምሰጠው መልስ አልነበረኝም።

የዕቅዶቹ ማስታወቂያ ስለ ጥርስ፣ ስለ መነጽርና ስለ ትራንስፖርት ይናገራል። ይሁንና ለሕክምና መመላለሻ የሚሆን ትራንስፖርትን ሜዲኬድ ቀድሞውኑ ይሸፍናል። ሕመምተኛው በምትኩ የለመደውን ሐኪም ሊያጣ እንደሚችል ግን ጎልቶ አይነገረውም።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት የትኛው ዓይነት ዕቅድ እንዳለው እንጠይቅ። ሜዲኬድ የሜዲኬርን የወጪ ድርሻ እንዲሸፍንላቸው የተመዘገቡ ሕመምተኞችን ያንኑ ድርሻ ማስከፈል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ መሆኑንም ለሒሳብ ክፍሎቻችን እናስታውስ። ዕቅድ ለመለወጥ የሚያስቡትን በየግዛቱ ወዳሉት ነጻ የጤና መድን አማካሪዎች እንምራቸው። ሕግ አውጪዎችም አንድ ተጠያቂ የሌለውን ዕቅድ «የተቀናጀ» ብለው ከመጥራት ሊቆጠቡ ይገባል።