ፍርሃትን ስለ መማርና ስለ ማስወገድ፤ በሥነ ልቡና ትምህርት አሰጣጣችን ላይ የቀረበ ሂስ

በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ስለ መማር ጽንሰ ሐሳብ በሚሰጠው ትምህርት የፓቭሎቭ ውሻና የዋትሰን ሕፃን ሳይነሡ አይቀሩም። የፓቭሎቭ ነገር በአጭሩ ግልጽ ነው፤ ከምግብ በፊት ዘወትር አንድ ድምፅ የሚሰማ ውሻ ውሎ አድሮ በድምፁ ብቻ ምራቁ ይወርዳል። ድምፁ ያለ ምግብ ቢደጋገም ደግሞ ልማዱ እየከሰመ ይሄዳል። ይህ ሂስ የሚያተኩረው ግን በሕፃኑ ታሪክ አነጋገር ላይ ነው።

ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር በ1920 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት አልበርት የተባለ የ11 ወር ሕፃን መጀመሪያ ነጭ አይጥ ሲቀርብለት አይፈራም ነበር። አይጧን ሊነካ ሲል ከበስተኋላው የብረት ዘንግ በመዶሻ ተመታ። አይጧና ድምፁ 7 ጊዜ አብረው ከቀረቡለት በኋላ አይጧን ብቻዋን ሲያይ አልቅሶ ሸሸ። ጥንቸልን፣ ውሻንና የጠጉር ካፖርትንም ፈራ ይባላል።

በተመለከትኳቸው የክፍል ማስታወሻዎች ይህ ሁሉ እንደ ጸና ሕግ ሰፍሯል። ጥናቱን ራሱን ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። የተጠናው አንድ ሕፃን ብቻ ነው። ፍርሃቱ በቀናት ውስጥ ሲደክም አጥኚዎቹ ድምፁን እንደገና አሰምተው አድሰውታል፤ ጥንቸሉና ውሻው በቀረቡ ጊዜም ይኸው ድምፅ ተጨምሯል። ስለዚህ ፍርሃቱ ከአይጧ ወደ ሌሎቹ በራሱ ምን ያህል እንደ ተዛመተ ለመለየት ያስቸግራል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ፍርሃቱ ሳይወገድለት ሕፃኑ ከሆስፒታሉ ወጣ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ በሕፃን ላይ አይፈቀድም፤ ይህን የሚጠቅስ ማስታወሻ ግን አላጋጠመኝም።

ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1924 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት የፒተር ታሪክ ደግሞ ጨርሶ ይዘለላል። ፒተር ጥናቱ ሲጀመር 2 ዓመት ከ10 ወር የሆነው፣ ጥንቸል የሚፈራ ልጅ ነበር። በመጀመሪያ ከማይፈሩ ልጆች ጋር እንዲጫወት ተደርጎ ተሻለው። ኋላ ግን ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ሲወጣም ትልቅ ውሻ አስደነገጠውና ፍርሃቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉ በሽቦ ቤት ሆኖ መብላቱን በማያውክ ርቀት ይቀመጥ፣ ቀስ በቀስም ይጠጋ ጀመር። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉን ዳሰሰው። ጆንስ በዚያው ዓመት በሌሎች ሕፃናት ላይ ባቀረቡት ጥናት፣ በቃል ማግባባትም ሆነ በማፌዝ ማሳፈር ፍርሃትን እንዳላስወገደ ገልጸዋል። ጥንቸሉ በችኮላ ቢቀርብ ልጁ ምግቡንም ሊፈራ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል።

ባለፈው ዓመት የተግባር ልምምድ ስከታተል በአንድ 3ኛ ክፍል የማካፈል ሒሳብ ይሰጥ ነበር። ሠልጣኙ ልምጭ ይዞ አንዲትን ልጅ ወደ ጥቁር ሰሌዳ ጠራት። መልሱን በደብተሯ በትክክል ጽፋው ሳለ ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ሠልጣኙም «ሰነፍ ናት» አለኝ። የአልበርትን ሥዕላዊ መግለጫ፣ ቀስቃሹንና ምላሹን ለይቶ በማመልከት፣ በፈተና ላይ ሳይሳሳት የሠራ ሰው ነው!

ፒተርን የተማረ መምህር አስቀድሞ ልምጩን ያስቀምጣል። ልጅቱን በመቀመጫዋ እንድትመልስ፣ ቀጥሎ ከጓደኛዋ ጋር ወደ ሰሌዳው እንድትወጣ፣ በኋላም ብቻዋን እንድትሞክር ያደርጋል። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ቀላል ነው አልልም። ይሁን እንጂ የዕቅድ ባለሙያዎች ጊዜ አይበቃም ቢሉ፣ ለአልበርት ሥዕላዊ መግለጫ ከሚውሉት ክፍለ ጊዜያት አንዱን ለፒተር ማዛወር አዲስ መጽሐፍም ሆነ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።