ከላይ ብቻ የሚነበብ ቅጠል፦ ስለ ቻርልስ ጀምስ «ክሎቨር ሊፍ» ቀሚስ

ከዕፅዋት ቅርጽ ተነሥቶ የተሠራ ልብስ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ጥልፍ ነው። አበባው ጨርቁ ላይ ይጠለፋል፤ ቀሚሱ ያው የቀድሞው ቀሚስ ነው። እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ ስሙን የተከለው ቻርልስ ጀምስ (1906–1978) እ.ኤ.አ. በ1953 ለደንበኛው ለኦስቲን ኸርስት የነደፈው «ክሎቨር ሊፍ» (የክሎቨር ቅጠል) የዳንስ ቀሚስ በዚህ መንገድ አልሄደም። ቅጠሉን ጨርቁ ላይ የሚፈልግ አያገኘውም፤ ያለው ዘርፉ ወለሉ ላይ በሚሠራው ባለ አራት ጉብታ መስመር ነው።

አሠራሩ ወደ ምህንድስና ያደላል። ከገላ የሚገጥም የታፍታ የውስጥ ልብስ፣ ቅርጹን ደግፎ የሚይዝ ደንዳና ጉርድ፣ ዘርፉን ወደ ውጭ የሚገፋ ሌላ ጉርድ፣ ከዚያ ለዓይን የሚቀርበው ነጭ ሐርና ጥቁር ከፋይ ተደራርበውበታል። 30 የተለያዩ ቅዶች የገቡበት ሲሆን ክብደቱ ወደ 4.5 ኪሎ ይጠጋል። ትከሻው ባዶ ስለሆነ ጭነቱን የሚሸከመው ዳሌ ነው። ንድፉ የተፈተነውም እዚህ ነው፤ ክብደቱ ዳሌ ላይ ተመዛዝኖ ስላረፈ ለባሿ ልብሱን ሳትጎትት መደነስ ትችላለች።

ጀምስ ተፈጥሮን እንዳለች ቀዳ ማለት ግን ያስቸግራል። ክሎቨር፣ የደጋችን ማገጥ ዘመድ፣ በወጉ ባለ ሦስት ቅጠል ነው፤ አራት ያለው በስንት አንዴ ስለሚገኝ ነው ፈረንጆቹ የዕድል ምልክት ያደረጉት። አራቱ የተመረጡት ለዕድል ብቻ አይመስለኝም። ሰውነት ፊት፣ ጀርባና ሁለት ጎን አለው፤ ሦስት ጉብታ ወገብ ላይ ቢታሰር አንዱ ወገን ይጎድላል። እዚህ ላይ የታዘዘው ቅጠሉ ነው፣ አዛዡ ገላ።

ደግሞም ቅጠሉ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከደረጃ ወይም ከሰገነት ቁልቁል ለሚመለከት ነው። ከለባሿ አጠገብ የቆመ እንግዳ ዓይን የሚገባው እየሞገደ የሚዞር የከፋይ መስመር ብቻ ነው። ይህን ጉድለት የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ከብርታቱ እቆጥረዋለሁ። በ1955 የሠራው «ቢራቢሮ» ከጀርባው በተነሰነሰ ስስ ቱል ክንፍ ማንነቱን ወዲያው ይናገራል፤ በመጀመሪያው እይታ ያልቃልም።

ንድፉን እንዲህ ማጥራቱ ግን ጀምስን ዋጋ አስከፍሎታል። «ክሎቨር ሊፍ» የታሰበው ለጥር 1953 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የአይዘንሃወር በዓለ ሲመት ነበር፤ አልደረሰም፤ ኸርስት የለበሰችው በኋላ በተደረገ ሌላ ድግስ ላይ ነው። ጀምስ የቆዩ ቅዶቹን እየመለሰ ሲያርም ቀጠሮ ያልፋል፣ ደንበኛ ይቆጣል፣ ንግዱም ይናጋል። ያም ሆኖ ደንበኞቹ ልብሶቻቸውን ለብሩክሊን ሙዚየም እንዲሰጡ ይወተውት ነበር። ያ ስብስብ በ2009 ወደ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተዛወረ። ሙዚየሙ በ2014 ሥራዎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ፣ የውስጣቸውን አሠራር ለማስረዳት ካሜራና በኮምፒዩተር የተሠራ ተንቀሳቃሽ ምስል አስፈልጎታል።