ሁለት ዓይን ያለው ጠላት

እንጦጦ ራጉኤል ገብቶ የመቅደሱን ሥዕሎች ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የአገራችን ሠዓሊዎች ሕግ ቶሎ ይገለጥለታል። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ኃጥእና ጠላት በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይደርሰዋል። ዐድዋን የሣሉትም ይህንኑ ሕግ ወደ ጦር ሜዳ ወስደው ጣሊያኑን በጎን አሰልፈውታል።

በዚህ ሕግ ያደገ ዓይን ማድሪድ፣ ፕራዶ ሙዚየም ባለው የፍራንሲስኮ ጎያ ሥዕል ፊት ግራ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1814 የተሣለው ሥዕል፣ ሜይ 2 ቀን 1808 የማድሪድ ሕዝብ የናፖሊዮንን ማምሉክ ፈረሰኞች እንዴት እንደገጠመ ያሳያል። የግብፅ ማምሉኮች አብዛኞቹ በልጅነታቸው ከካውካሰስ ተገዝተው፣ ፈረስና ሰይፍ ተምረው ያደጉ ባሪያ ወታደሮች ነበሩ። ናፖሊዮን ከግብፅ ዘመቻው በኋላ ያቋቋመው ጓድ ስሙንም ልብሱንም የወረሰው ከእነርሱ ነው።

መኻል ላይ አንዱ ማምሉክ ከነጭ ፈረሱ ወደ ኋላ ተንጋሏል፤ ራሱ ተዘቅዝቋል። ቀይ ሱሪው ከሁሉ ቀድሞ ዓይን ይስባል፤ ጎያ ጨርቁን እጥፋት በእጥፋት አልለቀመውም፣ በፈጣን ሰፊ ምት ጥሎት አልፏል። ሰውዬው ያለቀለት ይመስላል፤ የሚወጋው ስፔናዊ ግን እጁን አልሰበሰበም። ከኋላ ጩቤ ያነሣው ሌላው ማምሉክ ዓይኖቹ ፈጠዋል፤ ሁለቱም! ስፔናዊ ሠዓሊ ለአገሩ ወራሪ ይህን መስጠቱ፣ ለእኔ የዚያ ሸራ ትልቁ ጥበብ ነው። የማምሉኩ ፍርሃት ከስፔናውያኑ ፍርሃት አንሶ አልተሣለም።

እኛም ባሪያ ወታደር ሆኖ የተሣለ የራሳችን ሰው አለን። ማሊክ አምባር እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ ተሸጦ፣ በባግዳድ አድርጎ ሕንድ ደረሰ፤ ደካን ላይ የአሕመድናጋር የጦር አዛዥና እንደራሴ ሆነ። ሐሺም የተባለው የሞጉል ሠዓሊ የሠራው ምስሉ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በጎን ነው የተሣለው። በእንጦጦ ሕግ ቢዳኝ ኃጥእ ነው፤ በሞጉል ቤተ መንግሥት ግን ንጉሡም እንዲሁ በጎን ይሣል ነበር። የአምባር ጥቁር ፊት መስመር ከግንባር እስከ አገጭ አንዴም ሳይንቀጠቀጥ ይወርዳል፤ ብሩሹ አላሳመረውም፣ አላዋረደውምም።

ደካንን ለመያዝ ይዋጋ የነበረው የሞጉሉ ንጉሥ ጃሃንጊር አምባርን ድል መንሣት ሲያቅተው አቡል ሐሰን የተባለውን ሠዓሊውን አዘዘ፦ የአምባር ራስ ጦር ላይ ተሰክቶ፣ ንጉሡ ሉል ላይ ቆሞ ቀስት ሲወረውርበት። ሥራው እጅግ ረቂቅ ነው። አምባር ግን በ1626፣ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኖት እስኪሞት ድረስ አንገቱን የነካው የለም።