ልጅ ያቦካው ለእራት ሲበቃ፦ ስለ ሬቨን ሲሞኔ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ ወላጆቻችን። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ይህን ተረት ገልብጦታል። እዚያ ልጅ ያቦካል፣ ትልልቁ ሰው ይበላል። ለዚህ ከሬቨን ሲሞኔ የሥራ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1985 አትላንታ ተወለደች። በ1989፣ አራት ዓመት ሳይሞላት፣ «ዘ ኮስቢ ሾው» ውስጥ ኦሊቪያ የምትባለውን ሕፃን ሆና ገባች፤ ፕሮግራሙ በ1992 እስኪያበቃም እዚያው ነበረች። ከ2003 እስከ 2007 ደግሞ በዲዝኒ ቻናል «ዛትስ ሶ ሬቨን» ላይ ዋና ተዋናይ ሆነች። ተከታታዩ 100 ክፍል ደርሷል፣ ገጸ ባሕርይዋም የራሷን ስም ይዛ ነው የምትጫወተው።

እዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ይቺ ልጅ ለቴሌቪዥን ምን ሰጠች? ቴሌቪዥኑስ እሷን የሚመስሉ ልጆች የሚያውቁትን እውነት እስከ ምን ድረስ እንድትናገር ፈቀደላት?

ጥያቄው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ወላጆቻችን ከጎንደር ገጠር ሲመጡ ብዙዎቹ ቴሌቪዥን ያዩት እዚህ ነው። እኛ ደግሞ ከቴሌቪዥን ጋር አብረን አደግን፣ ግን ራሳችንን ያየነው በአብዛኛው ዜና ላይ ነው፤ ከአውሮፕላን ስንወርድ፣ ሰልፍ ስንወጣ። የምታስቅ፣ የምትዋሽ፣ ልብስ የምትወድ፣ ተንኮሏ የሚከሽፍባት ጥቁር ልጅ የመጣችልን ከአሜሪካ ነው። እኔ ያየኋት በታላቅ እህቴ ኮምፒውተር ነው። እንግሊዝኛው ግማሹ ባይገባኝም ፊቷ ይበቃኝ ነበር። ሬቨን ሲሞኔ በዓይኗ፣ በአንገቷ፣ በመላ ሰውነቷ ታስቃለች። ደካማ ቀልድ ሲሰጧት እንኳ በአወዳደቋ ታድነዋለች።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ኦሊቪያ ወደ ኮስቢ ቤት የገባችው ትንሿ ልጅ ሩዲ ባደገችበት ጊዜ ነው። ሩዲን የምትጫወተው ኬሺያ ናይት ፑሊያም በ1989 አሥር ዓመቷ ነበር። አሥር ዓመት በእኛ ቤት ገና ልጅ ነው፤ በቴሌቪዥን ግን ጣፋጭነቱ እያለቀ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ሌላ ሕፃን መጣች። ኦሊቪያን ደግማችሁ ስታዩ ይህን አስተውሉ፤ ብዙ ጊዜ የራሷ ታሪክ የላትም። ትልልቆቹ ይናገራሉ፣ እሷ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች፣ ሰው ይስቃል። ችሎታዋ እውነተኛ ነው፣ ግን የተቀጠረችው ለሕፃንነቷ ነው።

ለዚያ ሥራ የተከፈለውም በገንዘብ ብቻ አልነበረም። ካደገች በኋላ በቴሌቪዥን እንደተናገረችው፣ ገና ሰባት ዓመቷ ሳለ ትወፍሪያለሽ እየተባለች ቀረጻ ቦታ ላይ ምግብ ትከለከል ነበር። «ዛትስ ሶ ሬቨን» ይህን ቁስል አንድ ጊዜ በቀጥታ ይነካዋል። በሁለተኛው ምዕራፍ ሬቨን ቀሚስ ትነድፋለች፣ መጽሔቱ ፎቶዋን በኮምፒውተር አቅጥኖ ያወጣዋል፣ እሷ ግን በራሷ ቁመናና ውፍረት መድረክ ላይ ትወጣለች። ክፍሉን ጥሩ ያደረገው ምክሩ አይደለም። ተዋናይቷ የምትናገረውን ከሰውነቷ ስለምታውቀው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በፌብሩዋሪ 2005 «ትሩ ከለርስ» የሚባል ክፍል ወጣ። ሬቨንና ነጭ ጓደኛዋ ቼልሲ አንድ ልብስ ቤት ለሥራ ይፈተናሉ። ሬቨን ጎበዝ ናት፣ ቼልሲ ሁሉን ታበላሻለች። የተቀጠረችው ቼልሲ ናት። ሬቨን ወደፊት የሚሆነውን በራዕይ የማየት ችሎታ አላት፣ የተከታታዩ ጨዋታ ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። በራዕዩም ሥራ አስኪያጇ ጥቁር ሰው እንደማትቀጥር በአፏ ስትናገር ታያታለች። ከዚያ ልጆቹ መላ ይመታሉ፣ ሴትዮዋ በድብቅ ካሜራ ትያዛለች፣ ፍትሕ ይገኛል።

ለልጆች በተሠራ ኮሜዲ ውስጥ ይህን ማሳየት ድፍረት ነው፣ ምስጋና ይገባዋል። ግን ታሪኩ እንዲቆም ስንት ነገር እንዳስፈለገ ቁጠሩ፤ አንድ ራዕይ፣ አንድ ድብቅ ካሜራ፣ የሚያምናት ነጭ ጓደኛ፣ ሐሳቧን ጮክ ብላ የምትናገር ሥራ አስኪያጅ። ራዕዩ ባይኖር ሬቨን የነበራት ከሱቁ ስትወጣ የተሰማት ነገር ብቻ ነበር፣ ተከታታዩም በዚያ ስሜት ብቻ ሊቆም አልደፈረም። ጥቁር ልጅ «አውቃለሁ» ስትል አይበቃም፣ ተመልካቹ በዓይኑ ማየት አለበት።

እኛ ራዕይ የለንም። አንዲት ጓደኛዬ እዚሁ አሽቀሎን በስልክ «ነይ፣ ሰው እንፈልጋለን» ተብላ ለራአዮን ሄደች። ስሟ ዕብራይስጥ ነው፣ አነጋገሯም እንደማንኛውም እዚህ ተወልዶ እንዳደገ ሰው ነው። በር ላይ ሲያዩዋት ቦታው ተይዟል አሏት። ማንም መጥፎ ቃል አልተናገራትም፣ እንዲያውም ፈገግ ብለው ነው የሸኟት። ይህን የትኛው ካሜራ ይቀርጸዋል?

ካሜራ የተገኘ ጊዜ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። በኤፕሪል 26 ቀን 2015 ሆሎን ውስጥ ወታደሩ ደማስ ፈቃደ በፖሊስ ሲደበደብ የጥበቃ ካሜራ ቀረጸው። መጀመሪያ የተያዘው እሱ ነበር፣ ነገሩ የተገለበጠው ቪዲዮው ሲወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ሰልፍ ወጣ፣ በ2016 ደግሞ በኤሚ ፓልሞር የሚመራው ኮሚቴ በቤተ እስራኤል ላይ ስለሚፈጸም ዘረኝነት ዘገባውን አቀረበ። እናቶቻችን ለዓመታት የተናገሩት በወረቀት ሰፈረ። ቪዲዮው ጠቅሞናል፣ ግን ያለ ቪዲዮ ቃላችን ምን ያህል እንደሚመዘንም አሳይቶናል።

«ይሄ እኮ የልጆች ፕሮግራም ነው፣ በሃያ ምናምን ደቂቃ ማለቅ አለበት» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፣ ልጅን ያለ ተስፋ መላክ ጥሩ አይደለም። እኔም መጨረሻው አሳዛኝ ይሁን አላልኩም። ከራዕዩ በፊት አንድ ደቂቃ ቢሰጣት፣ ሬቨን ለእናቷ «አልተሳሳትኩም» ብትልና እናቷ ማስረጃ ሳትጠይቅ ብታምናት፣ ያ ደቂቃ ከድብቅ ካሜራው ይበልጥ ይጠቅመን ነበር።

ሬቨን ሲሞኔ በ2017 በ«ሬቨንስ ሆም» ስትመለስ ሁለት ልጆች የምታሳድግ የተፋታች እናት ሆና ነው። በዚህኛው ዋና ፕሮዲዩሰር ነበረች፣ ጥቂት ክፍሎችንም አዘጋጅታለች። እውነቱን ለመናገር ቀልዱ እንደ ድሮው አይነክስም። ቢሆንም ያኔ ያቦካችው ልጅ አሁን ሊጥ ቤቱ የእሷም ሆነ። በራሷ ሕይወት በ2020 ሴት አግብታለች፣ ገጸ ባሕርይዋን ግን በዚህ እንድትመስላት አልፈለገችም። ስሟን ለሰጠችው ፍጡር ሕይወቷን ሁሉ አልሰጠችም። ይህን ድንበር እኔ እንደ ጥበብ ነው የማየው፣ በሕፃንነቷ እንዲህ ያለ ድንበር ማን አበጀላት?

በእኛ በኩል «ነፍሱ» በ2018 ዓለም አቀፍ ኤሚ አሸንፏል፣ ኮራንበት። የቀልዱ መሃል ግን ባልና ሚስት ናቸው። ከሺምሾን ሰፈር የመጣች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መሃል ላይ ቆማ የምታስቅበትን ፕሮግራም እጠብቃለሁ። በእስራኤል የ1953ቱ የወጣቶች ሥራ ሕግ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ በትርኢት ወይም በማስታወቂያ ለመሥራት ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ፈቃዱ ሰዓቷን ይጠብቅላታል። የምትናገረውን እውነት የሚጠብቅላት ግን ጽሑፉን የሚጽፈው ሰው ነው፣ ያ ሰው ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል።

እስከዚያው «ትሩ ከለርስ»ን ከታናናሾቻችሁ ጋር እዩት። ራዕዩ ከመምጣቱ በፊት አቁሙትና ጠይቋቸው፦ ካሜራ ባይኖር ኖሮ ሬቨን ለማን ትነግር ነበር? መልሱን አትቸኩሉባቸው። «ለአንተ» ወይም «ለአንቺ» ካሏችሁ፣ ማስረጃ ሳትጠይቁ ለማመን ተዘጋጁ።