ቁሌቱ ካለ ወጡ ቀላል ነው

ማብሰል ለሚጀምሩ ወጣቶች መጀመሪያ የማሳያቸው ሽንኩርት ማቁላላት ነው። ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው ዳቦ በሻይ በልቶ የሚተኛው ብዙ ጊዜ ወጥ ጠልቶ አይደለም፤ መላጡና መክተፉ፣ ድስት ሥር መቆሙ ታክቶት ነው። ይህን ድካም በሳምንት አንዴ ከተገላገሉት ሌላው የደቂቃዎች ሥራ ነው።

እሁድ ከሰዓት 1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ድስቱ ውስጥ መጀመሪያ ዘይት አታስገቡ። በመካከለኛ እሳት እያማሰላችሁ፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ታገሡት። ሽንኩርቱ ሟሽሾ ቀላ ሲል ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል። ዘይቱ ቀድሞ ከገባ ግን ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ አይሟሽሽም፤ ወጡም ሲበላ ሽንኩርቱ ለብቻው ይታወቃል። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ በርበሬ። በርበሬ ላይ መቸኮል አልወድም። አሁንም ውሃ ጠብ እያደረጉ ጥሬ ሽታው እስኪለቅ መጠበቅ ነው፤ ዘይቱ ዳር ዳሩን ቀይ ሆኖ ሲወጣ በስሏል። ሲበርድ ለሦስት ቀን የሚሆነውን ፍሪጅ፣ የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት።

ሰኞ ማታ ከዚህ ቁሌት ሁለት ማንኪያ በውሃ አፍሉና ሽሮውን ጨምሩበት። እንዳይጓጉል አስቀድማችሁ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፤ ከዚያ እስኪንተከተክ ነው። ማክሰኞ ምስር ክክ ቀቅላችሁ ቁሌቱን ጣል ማድረግ ትችላላችሁ። ሽሮውም በርበሬውም ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ጨው ይገባባቸዋልና ሳትቀምሱ አትጨምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ከጎኑ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፋችሁ ሎሚ ጭመቁበት። በሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነታችን በምስርና በሽሮ ውስጥ ያለውን ብረት እንዲወስድ ያግዘዋል። ቡናና ሻይ ደግሞ ይህንኑ ብረት ስለሚይዙ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይሻላል።

መክሰስ እንዲያውም እሳት አይፈልግም። በሶ በትንሽ ውሃና ዘይት፣ ጨው ነስንሶ ማሸት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የገብስና የሽምብራ ቆሎማ ሳምንቱን ሙሉ ይቀመጣል። እባካችሁ፣ ከቢሮ መሳቢያችሁ ብስኩቱን አውጡና ቆሎ አስቀምጡበት።