የቅርንፉድ ሽታ

ታካሚ አፉን ሲከፍት ብዙ ጊዜ ከመስታወቴ ቀድሞ የሚነግረኝ አፍንጫዬ ነው። ቅርንፉድ ከሸተተኝ ሌሊቱ እንዴት እንደነጋ አውቃለሁ። «ምን አደረጉበት?» ስል ግን ብዙዎቹ ይደብቁኛል፤ ከዚህ በፊት አንድ ባለሙያ ተቆጥቷቸዋል። የሚያስቆጣ ነገር አይታየኝም። የቅርንፉድ ዘይት አብዛኛው ዩጂኖል ነው። እሱን ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር ለውሶ ጥርስን ለጊዜው መድፈን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጀምሯል፤ ዱቄቱና ዘይቱ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ አሉ። የነርቩን ሕመም ያደነዝዛል፤ ብግነቱንም ያበርዳል።

ልዩነቱ መጠኑ ነው። ከሙሌቱ ሥር ዩጂኖሉ ቀስ እያለ በጥቂቱ ነው የሚሰርገው። ጥጥ በዘይቱ ነክሮ በተከፈተ ነርቭ ላይ መወተፍ ግን ሕዋሳቱን ይገድላል። ነጭ ሽንኩርት መወተፍማ ጨርሶ አይመከርም፤ እሳት እንደነካው ነጥቶ የተላጠ ድድ በእጄ አክሜአለሁ።

ሰው «ነርቭ» የሚለው የጥርስ እምብርት ደም ሥርም አለበት። እጅ ሲቆጣ ያብጣል፤ የጥርሱ እምብርት ግን በደረቅ ግድግዳ ስለተከበበ ማበጫ ቦታ የለውም፤ ግፊቱ በራሱ ላይ ይመለሳል። ጋደም ሲሉ ወደ ራስ የሚሄደው ደም ይበረታል፤ ሌሊት የሚጠዘጥዘው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጥዝ ብሎ ወዲያው የሚተው ከሆነ፣ የበሰበሰው ተጠርጎ ከተደፈነ ሊያገግም ይችላል። ትኩስ ሻይ ከጠጡ በኋላ ለደቂቃዎች የሚቆይ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመምን ግን የትኛውም ቅጠል አይመልሰውም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሕመሙ በድንገት የጠፋበት ቀን ነው። አንዲት እናት ጉንጫቸው አብጦ መጡ። «ልጄ፣ ቅርንፉዱ እኮ አድኖኝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደህና ተኝቻለሁ» አሉኝ። ጥርሱን በቀዝቃዛ ጥጥ ነካሁት፤ ምንም አልተሰማቸውም። ነርቩ ሞቶ ነበር፤ የዳኑ የመሰላቸው ለዚህ ነው። እንዲህ ብዬ መንገር ይከብደኛል፤ በሌሊቱ ጭንቅ የደረሰላቸውን ነገር ማንቋሸሽ ይመስላል። «ቅርንፉዱ ሕመምዎን አስታግሶልዎታል፤ በሽታው ግን ከውስጥ አልወጣም» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥርሱን ስከፍተው መግሉ ወጣ፤ ፊታቸውም ዘና አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ምን አደረጉበት?» ካልኩ በኋላ «መቼ ተወዎት?» ብዬ አስከትላለሁ። ሁለተኛው መልስ የነርቩን ዕጣ ብዙ ጊዜ ከራጅ ቀድሞ ይጠቁመኛል።

በእኚያ እናት ሦስተኛ ቀጠሮ የጥርሱን ሥር ለመሙላት ቀጭኗን ሮዝ ዘንግ ሳነሳ ምን እንደሆነች ጠየቁኝ። ጉታ ፐርቻ ትባላለች አልኩ፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅሉ ዛፎች ወተት የሚገኝ፣ ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር የሚቀላቀል ነገር ነው። «ይሄም ከዛፍ?» ብለው ዘንጓን ጓንቴ ላይ እንዳለች በጣታቸው ነካ አደረጓት።